በሐዋሳ ሐይቅ በጀልባ ጉማሬና ወፍ ማየት፣ ዓሣ ማጥመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ለሚመጡ ዘመድ ወዳጆቼ በስልክም በአካልም ስመልሳቸው የኖርኳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

የጀልባ ጉዞ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሞተር ጀልባ ከባለጀልባ ጋር ሐይቁ ላይ ወጥቶ ጉማሬና ወፍ አይቶ፣ ደስ ካለም መንጠቆ ጥሎ መመለስ ነው። አጭሩ ጉዞ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ረጅሙ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ ወይም ወደ ማዶው ዳርቻ ይዘልቃል፤ ለእሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ያዙ። ዓሣ ማጥመድ ካለበት ግማሽ ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ዓሣ በችኮላ አይያዝም።

ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንንሽ ከሚባሉት ነው። ጥልቅ ቦታው ግን ከ20 ሜትር ያልፋል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበትም ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖም እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ጨዋማ አይደለም። ዓሣውም፣ ወፉም፣ ጉማሬውም የተስማማቸው ለዚህ ነው።

ጀልባ ከየት ነው የምሳፈረው?

ብዙ ሰው የሚሳፈረው ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ወይም ከአሞራ ገደል አካባቢ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችም ለእንግዶቻቸው ጀልባ ያገናኛሉ። ባጃጅ ይዛችሁ ከሁለቱ የአንዱን ስም ከጠራችሁ በቂ ነው።

ምክሬ አሞራ ገደል ነው፣ ያውም በጠዋት። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት አስጋሪዎች የሚመለሱት በዚያ ሰዓት ነው። ዓሣው ከጀልባ ሲራገፍ፣ ልጆቹ በትንንሽ ቢላ እየፈለጡ ሆድ ዕቃውን ሲያወጡ ታያላችሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ መላጣ ራሳቸውን አቀርቅረው፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ከረጢት አንጠልጥለው፣ ሰው መሀል ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የዓሣ አንጀት ሲወረወር ሦስት አራቱ በአንዴ ይሻማሉ። ከጀልባው በፊት ይህን ማየት የጉዞው ግማሽ ነው።

በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ወር ልምጣ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፣ ወፉ ይበላል፣ ጉማሬውም ገና ከሌሊት ግጦሽ መመለሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ሐይቁ መናወጥ ይጀምራል። ጠዋት ካልተመቻችሁ ወደ 11 ሰዓት ሞክሩ። ብርሃኑ ያምራል፤ ነፋሱ ግን አንዳንድ ቀን እስኪመሽ አይበርድም። ቀትር ላይ የወጣ ሰው በፀሐይ ተቃጥሎ፣ የጉማሬ ጆሮ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ቢያቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች።

ከወር ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን እመርጣለሁ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ወፎችም በዚህ ጊዜ እኛ ጋ ናቸው። በክረምት መምጣት አይቻልም ማለቴ አይደለም። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ የሚያበዛውም ከሰዓት በኋላና ማታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሐዋሳ ገብርኤል የሚነግሥባቸው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ፍቼ ጨምበላላም፣ ጥምቀትም እንደዚሁ። በዓሉን ለማክበር ኑ፤ እጅግ ያምራል። ለጀልባ ግን እነዚያን ቀናት እለፏቸው። ጀልባዎቹ ከአቅማቸው በላይ የሚጫኑት ያኔ ነው።

ዋጋው እንዴት ነው?

ቁጥር ብጽፍ ነገ ይለወጣል፤ ነዳጅ ሲጨምር ጀልባም ይጨምራል። አጠያየቁን ግን ልንገራችሁ። ገና ሳትሳፈሩ ሦስት ነገር ለዩ። ሒሳቡ በሰው ነው በጀልባ? ለስንት ሰዓት ነው? እስከ የት ያደርሳል? «ጉማሬ እናሳያችኋለን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «እስከ ጥቁር ውሃ መግቢያ ሄደን፣ ሞተር አጥፍተን ቆይተን እንመለሳለን» ካላችሁ ግን ጭቅጭቅ የለም።

ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ጀልባውን ለብቻችሁ መያዝ ይሻላል። ከማታውቁት ቡድን ጋር ስትቀላቀሉ አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አንዱ ቶሎ እንመለስ ይላል፣ ወፉም ይሸሻል። ገንዘቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ባለጀልባው ለነዳጅ ቀድሞ ጥቂት ከጠየቃችሁ መስጠት ያለ ነው።

ጉማሬ በእርግጥ አያለሁ? አዞስ አለ?

ጉማሬ አለ። ጠዋት ከወጣችሁና ባለጀልባችሁ ሐይቁን የሚያውቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታያላችሁ። ቃል የሚገባላችሁን ሰው ግን አትመኑ፤ ጉማሬ ቀጠሮ አያከብርም። የሚውሉት ቄጤማና ሸምበቆ የበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምታዩት ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩ ጆሮውን ያርገፈግፋል። ከዚያ «ፉፍ» ብሎ ውሃ ያቦናል፣ ሁለት ዓይንና ሁለት አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ያያችኋል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

በሐዋሳ ሐይቅ አዞ የለም። አዞ ለማየት የመጣ ሰው ወደ አርባ ምንጭ ይቀጥል፤ ስለ እሱ ታች እመለስበታለሁ።

ምን ምን ወፍ አለ? ስለ ወፍ ምንም አላውቅም፤ ይጠቅመኛል?

ስሙን ባታውቁም ታያላችሁ። እንዲያውም ወፍ አላውቅም የሚሉ ሰዎች ናቸው ሲመለሱ ስለ ወፍ የሚያወሩት።

ሐይቁ ላይ አራቱን ብቻ ለይታችሁ ሂዱ። የዓሣ ንስር ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ ነው፤ ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ትንሽ ዓሣ አዳኝ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። በውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመደው ጃካና ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቱን የሚያከፋፍሉለት እነሱ ስለሆኑ ቅጠሉ አይሰምጥም። አራተኛው ክንፉን እንደ ታጠበ ልብስ ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ጥቁር ወፍ ነው፤ ኮርሞራንት ይባላል። እሱን ስታዩ ጠልቆ ዓሣ ሲያሳድድ እንደነበር ዕወቁ።

ከጀልባ ስትወርዱ ቀና ማለት አትርሱ። ሐይቅ ዳር ባሉት ትልልቅ ዋርካዎች ላይ ጉሬዛ አለ፣ ጦጣ አለ። ጦጣዎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ፤ ሙዝ ይዛችሁ አትዙሩ። እባካችሁ አትመግቧቸው። ከሰው መብላት የለመደ ጦጣ ሕፃን ይቧጭራል፣ በኋላ ድንጋይ የሚወረወርበትም እሱ ነው።

ራሴ ዓሣ ማጥመድ እችላለሁ? ምን ዓሣ ይያዛል?

በመንጠቆ ትችላላችሁ። ከባለጀልባው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙዎቹ ክርና መንጠቆ አላቸው፣ ዘመናዊ ዘንግ ግን የላቸውም። ዘንግ ያለው ይዞ ይምጣ። ለንግድ ማስገር ሌላ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለእሱ ፈቃድ ይጠይቃል። መረብ መጣል የማኅበራቱና የአስጋሪዎቹ ሥራ ነው፤ ለመዝናናት የመጣ ሰው መረብ አይንካ።

የሐይቁ ዋና ዓሣ ቆሮሶ ነው። ገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው እሱ ነው። ትል ወይም በደንብ የታሸ ሊጥ ይበላል፤ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፣ ከታች ጭቃው ላይ ይውላል። የዓሣ አንጀት ወይም ቁራጭ ሥጋ ይወዳል፣ ሲመሽ ይበረታል። ሦስተኛው ቢልጫ ነው፣ ከሁለቱ ያነሰ ይገኛል። የአርባ ምንጩ ትልቅ ነጭ ዓሣ እዚህ የለም። «መቶ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ» ብሎ የሚያማልላችሁ ሰው ስለ ሌላ ሐይቅ እያወራ ነው።

አያያዙን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ እጅ ቆርጦ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የቆሮሶ ጀርባ በእሾህ የተሞላ ነው። መዳፋችሁን ከራሱ ጀምራችሁ ወደ ጭራው እየደባበሳችሁ እሾሁን አስተኙትና ያዙት። ከጭራ ወደ ራስ ከሄዳችሁ ይወጋችኋል። አምባዛ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ክንፉ ሥር አንዳንድ ጠንካራ አጥንት አለው፤ ሲበሳጭ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋዋል። ያጠመደልኝ ሽማግሌ አስጋሪ በሁለት ጣት ከአጥንቶቹ ኋላ ቆልፎ ሲይዘው አይቼ ነው የተማርኩት። አምባዛ አየር መተንፈስ ይችላል። ጀልባው ወለል ላይ ሞተ ብላችሁ የተዋችሁት ከብዙ ቆይታ በኋላ ድንገት ተነስቶ እግራችሁን ቢመታ አትደንግጡ።

ያጠመድኩትን የት እበላዋለሁ? ጥሬ ዓሣስ?

አሞራ ገደል ውሰዱት፤ ለጠባሾቹ ጥቂት ከፍላችሁ ያዘጋጁላችኋል። ሙሉውን ጎኑን ሸንተር ሸንተር አድርገው በትኩስ ዘይት ይጠብሱታል፤ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ሌላ ነገር አያሻም። ሾርባውንም ሞክሩ። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ አሉ። እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አታዙ።

ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሐዋሳ ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ወዳጆቼ ይወዱታል። እኔ አልበላም፣ ለእንግዳዬም አልጋብዝም። የሐይቅ ዓሣ የትል እጭ ሊይዝ ይችላል፤ ሎሚና በርበሬ አይገድለውም፣ የሚገድለው እሳት ነው። ሌላም አለ። ተመራማሪዎች በዚህ ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫ ውስጥ ከቆሮሶ ይልቅ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋል። ምክንያቱ ቢልጫው ሌላ ዓሣ በሊታ መሆኑ ነው፤ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው የሚኖረው ውሃው ላይ በሚበቅለው ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቆሮሶ ይብሉ፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሳታመነቱ ስጧቸው።

ዋና አልችልም። ልሳፈር?

ላይፍ ጃኬት ካለ ተሳፈሩ። ከሌለ አትሳፈሩ። እዚህ ላይ መሀል መንገድ የለም።

«አለ» ሲሏችሁ አሳዩኝ በሉ። ብዙ ጊዜ ከወንበር ሥር ተጠቅልሎ ወይም መቀመጫ ሆኖ ነው የሚገኘው። አውጡት፣ ልበሱት፣ ማሰሪያው ይቆለፍ እንደሆነ እዩ። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ነው የሚሾልከው። ዋና የሚችልም ይልበስ። ሞተሩ ድንገት ሲነሳ ሚዛኑን ስቶ የሚወድቀው ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ጎበዝ ነው። አንዴ አብሮኝ የነበረ ልጅ እንዲሁ ሆኖ ወደቀ። ጃኬቱን ለብሶ ስለነበር ከመራሱ በቀር ምንም አልሆነም። ያን ቀን ጃኬቱን ያስለበሰው ባለጀልባ እስካሁን ስሙ በቤታቸው ይነሳል።

ነጠላ ወይም ሻሽ የለበሳችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ነፋስ ወስዶ ሞተሩ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ አድርጉት።

ልጆች ይዤ ብመጣስ?

ይመቻል፤ ልጅ እንደዚህ የሚደሰትበት ነገር ጥቂት ነው። ችግሩ ጃኬቱ ነው። የልጅ መጠን ያለው ባለጀልባ ብዙ የለም። የአዋቂውን ልጅ ላይ ማልበስ ደግሞ አያድንም፣ ከላዩ ይወልቃል። ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ካልተገኘ ልጁ ዳር ላይ ሆኖ አባ ኮዳና ጦጣ ይይ። አጭሩን ጉዞ ምረጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጅ እጁን ውሃ ውስጥ መንከር ይጀምራል።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ። እኔ ግን አትግቡ እላለሁ። ጉማሬው አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋነኛው ግን ቢልሃርዚያ ነው። ትሉ በዳርቻው ሣር ላይ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይለቀቃል። ቁስል አያስፈልገውም፣ በደህና ቆዳ ነው የሚገባው። አንጀትና ጉበት ይጎዳል፣ ምልክቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ዳር በሚኖሩ ተማሪዎችና በአስጋሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

ስትሳፈሩና ስትወርዱ በእግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ጀልባው ዳር እንዲጠጋ ጠይቁ። ከነካችሁ ቶሎ በፎጣ በደንብ ማድረቅ ይረዳል። ገብታችሁ ከዋኛችሁ አትጨነቁ፣ ግን ዝም አትበሉ። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

ጥቁር ውሃ ወንዝ ውስጥ በጀልባ መግባት ይቻላል?

መግቢያው ድረስ ይኬዳል። ወደ ውስጥ ግን ብዙም አይዘለቅም፤ ውሃው ይጠባል፣ ሸምበቆው ይዘጋል፣ ሞተሩ ሣር ይጠመጥማል። ወንዙ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ከሻሸመኔ ስትመጡ ከተማው መግቢያ ላይ የምታልፉት ድልድይ የዚሁ ወንዝ ነው። ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ እየተሞላ እየተሞላ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ከኮረብቶቹ የሚታጠበው አፈር ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። መግቢያው አካባቢ ውሃው ቀለሙን ሲቀይር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ለወፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ለጉማሬም እንደዚሁ፤ ስለዚህ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁም እዚሁ ነው። በጠባብ ውሃ ውስጥ ለጉማሬውም ለጀልባውም ማለፊያ የለም። አንድ ባለጀልባ ሸምበቆው መሀል አስገብቶን ሞተሩ ጠፋ። ከፊታችን ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት የውሃ አረፋ መውጣት ጀመረ። እሱ ገመዱን ሲጎትት፣ እኛ በእጃችን ሸምበቆ እየያዝን ጀልባዋን ወደ ኋላ ስንስብ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። በሰላም ወጣን። ከዚያ ወዲህ መግቢያው ላይ ሰፊው ውሃ ውስጥ ቆሜ አያለሁ እንጂ ወደ ውስጥ ግባ አልልም።

ለጉማሬ ምን ያህል መቅረብ ይቻላል? ጠልቆ ቢጠፋብንስ?

እኔ ከ50 ሜትር በታች አልቀርብም። ግልገል ካለ ከዚያም እጥፍ እርቃለሁ። ጉማሬ ሣር በሊታ ስለሆነ የዋህ ይመስላል፤ ግን ግዛቱንና ልጁን ይጠብቃል፣ ጀልባም ይገለብጣል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት አያዛጋም፤ ጥርሱን እያሳየ ሂዱልኝ ማለቱ ነው። ሁሉም ሰው ካሜራውን የሚያነሳው በዚያ ሰዓት ነው። ባለጀልባው ግን መራቅ ያለበት በዚያ ሰዓት ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው የማይታየው ጉማሬ ነው። እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ ከታች መሬቱን እየረገጠ ይሮጣል። እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ሳይተነፍስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወደ እናንተ ዞሮ ከጠለቀ «ሄደ» አትበሉ። የአረፋው መስመር ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ እናንተ ከመጣ ዝም ብሎ በጎን መራቅ ነው። በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል በፍጹም አትግቡ፤ የማምለጫ መንገዱን ዘጋችሁበት ማለት ነው። መሬት ላይም ሕጉ ያው ነው። ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጣበት የተደለደለ መንገድ አለው። ሣሩ ሁለት ጎን ተከፍሎ መሀሉ የተረገጠ ሆኖ ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ ድንኳን አትትከሉ፣ ማታም አትሂዱበት።

ባለጀልባዎቹ የሚቀርቡት በአብዛኛው እንግዳው ስለሚጎተጉታቸው ነው። «ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ጉርሻ አለህ» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ከመነሳታችሁ በፊት «እኛ ከሩቅ ማየት ይበቃናል» በሉት። ፊቱ ላይ እፎይታ ታያላችሁ።

ሐይቁ መሀል ሳለን ነፋስ ቢነሳስ?

ቁጭ በሉ። ዋናው እሱ ነው። ጀልባ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ በማዕበሉ ሳይሆን ሰው በአንዴ ወደ አንድ ጎን ሲነሳ ነው። ወለሉ ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ክብደቱን ከግራም ከቀኝም አከፋፍሉ። ጥሩ ባለጀልባ ማዕበሉን ፊት ለፊት በትንሹ ሰያፍ አድርጎ በዝግታ ይቆርጠዋል፤ ጎኑን አይሰጥም። የተነሳችሁበት ድረስ መመለስ ከባድ ከሆነ ቅርብ ወዳለው ዳርቻ ይውጣና ነፋሱ ሲበርድ ትመለሳላችሁ። «ቀጠሮ አለን፣ ቶሎ» አትበሉት። ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጁን፣ መቅዘፊያ መኖሩን፣ ስልኩ ቻርጅ እንዳለው ጠይቁ። ጥያቄው የሚያስከፋው ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

እኔ የምፈልገው የእውነት የዱር ወንዝ ጉዞ ነው። ከሐዋሳ ወዴት ልሂድ?

ቅርቡ አርባ ምንጭ ነው። በሶዶ በኩል ጠዋት ተነስታችሁ ከሰዓት ትደርሳላችሁ። የጫሞ ሐይቅ ጀልባ የኩልፎ ወንዝ ወደሚገባበት አካባቢ ይወስዳችኋል። «የአዞ ገበያ» የሚሉት እዚያ ነው፤ ትልልቅ አዞዎች ዳር ላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ታያላችሁ። ጉማሬና ፔሊካንም አለ። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ስለሆነ ፈቃድና አስጎብኚ ያስፈልጋል። ትልቁ ነጭ ዓሣ ያለውም እዚያ ነው። ሐዋሳን ለጠዋት ጸጥታ፣ ጫሞን ለአዞ ብላችሁ ያዙት።

ኦሞ ሌላ ዓለም ነው። በጎማ ጀልባ ቀናት የሚፈጅ፣ ገደልና ፏፏቴ ያለበት ጉዞ ነው፤ ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መጀመሪያ አንስቶ የውጭ ቡድኖች ሲወርዱበት ኖረዋል። ልምድ ካለው አዘጋጅ ጋር ካልሆነ አይሞከርም። ከግልገል ጊቤ ግድቦች ወዲህ ደግሞ የወንዙ ጠባይ ተለውጧል፤ የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ አትነሱ። ባሮም አለ። አገራችን ውስጥ በትልቅ ጀልባ የሚኬድበት ወንዝ እሱ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስምምነት በኋላ፣ ጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ጋር ስትነግድ ነበር። ወደዚያ ከመነሳታችሁ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

ዓሣው እየቀነሰ ነው ይባላል። እኔ ለመዝናናት ባጠምድ ጉዳት አለው?

እውነት ነው፣ መጠኑም እያነሰ፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ነው። ሽማግሌ አስጋሪዎችን ብትጠይቁ በክንዳቸው ለክተው የድሮውን ያሳዩዋችኋል፤ ከዚያ ዛሬ የወጣውን በመዳፋቸው ያሳዩዋችኋል። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ያወጣል። ዳርቻው ላይ ያለው ሸምበቆ ሲመነጠር ደግሞ የሚራባበት ቦታ ይጠፋል። ሁለት መንጠቆ የጣለ እንግዳ ይህን አላመጣም። ቢሆንም ሕፃን ዓሣ ይዞ ፎቶ ተነስቶ የሚጥል እንግዳ አይቻለሁና ዝም አልልም።

የምትበሉትን ያህል ያዙ። ከመዳፋችሁ ያነሰውን እጃችሁን ውሃ አርሳችሁ ያዙትና መልሱ፤ ደረቅ እጅ ቅርፊቱን ያለበሰውን ልስላሴ ይገፈዋል። የተቆረጠ ክር ውሃ ላይ አትተዉ፣ የወፍ እግር ይተበተብበታል። ባዶ ሃይላንድም ይዛችሁ ተመለሱ።

ቆሮሶን ስትይዙ ደግሞ አፏን እዩ። እናቲቱ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ሲደነግጡ የሚሸሸጉት እዚያው ነው። ባለፈው አንዲት ቆሮሶ መንጠቆ ይዛ ወጣች። ባለጀልባው መንጠቆውን ሊያወጣ አፏን ሲከፍት ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ዓይናም ነገሮች መዳፉ ላይ ፈሰሱ። ምንም አላለም። በጀልባዋ ጠርዝ ተጎንብሶ መዳፉን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ እሷንም አጠገባቸው ለቀቃት፣ ሞተሩን ሳያስነሳም ጥቂት ቆየ።